አራት ጣት

መብራት ሲጠፋ የሰፈራችን ፀጉር ቤት ውስጥ ክርክር ይጀመራል። ማሽኑ ቀጥ ይላል። ግማሽ ጭንቅላቱ ያለቀለት ሰው ጨርቁን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። ወረፋ የያዙት ባትሪ እንዳያልቅባቸው ስልካቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ አንዱ «አሊና ታይሰን ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር?» ይላል። ቦክሰኞቹን መሐመድ አሊንና ማይክ ታይሰንን ማለቱ ነው። በቃ፤ መብራት እስኪመጣ ሌላ ወሬ የለም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ ልታልቅ ስትል፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ፀጉር ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች በአንዱ ግራውንድ ላይ ነው። በጋ ላይ ነፋሱ አቧራውን ከሜዳው እያነሳ ስለሚያመጣው በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ነው የሚሠራው። ደንበኛው የሰፈር ሰው ነው። ሹፌር አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ ዕጣ ወጥቶለት ከመሃል ከተማ የመጣ አባወራ አለ።

ያን ቅዳሜ ዋነኞቹ ተከራካሪዎች ሁለት ነበሩ። ፀጉር አስተካካያችን የታይሰን ሰው ነው። አጠር፣ ደልደል ያለ ልጅ ነው። የአሊ ጠበቃ ደግሞ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ዘለግ ያለ ሰው። «በጃብ ብቻ ይጨርሰዋል፤ አጠገቡም አይደርስ!» ይላል ሹፌሩ፤ ጃብ ከፊት ባለው እጅ ቀጥ ተደርጎ የሚላከው ቡጢ ነው። «ስር ገብቶ ጎኑን ሲለው የምን ጃብ አመጣህ?» ይላል ያኛው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እነዚህ ሞኞች አይደሉም፤ ቦክስ በደንብ የሚያዩ ልጆች ናቸው። ግን አንዳቸውም ከያዙት ንቅንቅ አላሉም። ድምፅ ብቻ እየጨመረ ሄደ።

ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። አንድ ብሎክ ነው የምንኖረው፤ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታ እንለዋወጣለን። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ክለብ ውስጥ ቦክስ ይሠሩ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ረጅም ሰዓት ዝም ብለው አዳመጡ። በኋላ «እስቲ ልጆች፣ ፊት ለፊት ቁሙልኝ» አሉ።

ቆሙ። ሹፌሩን «ግራ እግርህን አስቀድም። ግራ እጅህን ጨብጠህ ዘርጋ፤ አገጩን ንካ» አሉት። ዘረጋ፤ ጡጫው የአስተካካዩን አገጭ ነካ። «አሁን አንተ፣ እግርህን ሳታነሳ ዘርጋ» አሉት አስተካካዩን። ዘረጋ። አልደረሰም። ጡጫው ከሹፌሩ አገጭ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። አዛውንቱ ያኔ ከወንበራቸው ተነሱ። የቀኝ እጃቸውን አራት ጣቶች ገጥመው በጡጫውና በአገጩ መሃል አስገቡ። ልክ ሞላ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ያበጠ ነው፤ ትንሿ ጣታቸው ተሰብራ የዳነች ይመስለኛል፣ ወደ ውጭ ዞር ብላለች። «ይቺን አያችኋት?» አሉ። «ስለ ሁለት ሰው ይህን ሁሉ ስታወሩ ስለዚች ማንም አላነሳም።»

ከዚያ ወደ አስተካካዩ ዞሩ። «እጅህ አይረዝምም። እግርህን አምጣ። ጉልበትህን እጠፍና ግባ» አሉት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ እርምጃ ገባ። የሹፌሩ ክንድ ከትከሻው በላይ አልፎ አየር ላይ ቀረ። የአስተካካዩ ግንባር ሹፌሩ ደረት ላይ ደርሷል። አዛውንቱ ጣታቸውን መሃላቸው ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ቦታ የለም። «አሁንስ የማን ሆነች?» ብለው ጠየቁ።

ማንም ሳይመልስ መብራት መጣ። ማሽኑ ጮኸ፣ ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ፣ ጨዋታው ወደ ኳስ ዞረ። እሳቸውም ተራቸው ደርሶ ስለነበር ወንበሩ ላይ ወጡ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም የቦክስ ግጥሚያ ያንን ጥያቄ ሳልጠይቅ አይቼ አላውቅም።

ቁጥሩን አጣራሁ። የአሊ የክንድ ርዝመት 198 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የታይሰን 180። በቦክስ የክንድ ርዝመት የሚባለው ሁለት እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ነው። ስለዚህ የ18 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት በአንድ እጅ ሲሆን 9 ብቻ ነው። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር አራት ጣት ቢበልጥ በጥቂት ነው።

በሰዓት ያደግን ሰዎች

እኛ አገር ስፖርት ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሩጫ ነው። ሩጫ ደግሞ ሰዓት አለው። ኃይሌ በ1998 አምስት ሺህ ሜትርን በ12:39.36 ሮጠ። ቀነኒሳ በ2004 በ12:37.35 ገባ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስድስት ዓመት የተራራቁ ሁለት ሩጫዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠህ «ሁለት ሰከንድ» ማለት ትችላለህ። ክርክሩ አይጠፋም፤ የንፋሱ፣ የአሯሯጩ፣ የጫማው ጉዳይ ይነሳል። ግን መነሻ የሚሆን ቁጥር እጅህ ላይ አለ።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው ያሳደገን። ካርድ የሚሰጥ ቀን ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቅህ «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። ሒሳብ የሚችለውና ሥዕል የሚችለው ልጅ ውጤታቸው ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ይሄ ሰልፍ ጭንቅላታችን ውስጥ ገብቶ የቀረ ይመስለኛል። ስለ ቦክስ ስናወራም ይዘነው እንገባለን። አሊ አንደኛ፣ ጆ ሉዊስ ሁለተኛ፣ ታይሰን እንትነኛ። ሰልፉ ከተሠራ በኋላ ምን ክርክር አለ? ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን ያሸንፋል።

ሮም ላይ በ1960 የሆነውን ሳስብ ልዩነቱ ይበልጥ ይታየኛል። መስከረም 5 ቀን፣ ያኔ ካሲየስ ክሌይ የሚባለው የ18 ዓመቱ አሊ በኦሊምፒኩ የቦክስ ወርቅ ወሰደ። ከአምስት ቀን በኋላ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ። የአበበ ድል 2:15:16 ተብሎ ተጻፈ። ከማን ጋር እንደሮጠ ባታውቅም ቁጥሩ ብቻውን ይቆማል። የአሊ ድል ግን ብቻውን መጻፍ አይችልም። «ፖላንዳዊውን ፒየትሽኮቭስኪን አሸነፈ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሰውየው ልምድ ያለው ግራኝ ነበር፤ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ የሚቆም። በመጀመሪያው ዙር ልጁን አስቸግሮታል። ሌላ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቢደርሰው ያ ችግር አይኖርም፤ ሌላ ችግር ይመጣል። ቦክሰኛ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ የምናየው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ፊቱ ቆሞ ነው።

ሦስቱ ሰዎች

ሰልፉን ያፈረሰብኝ የ1970ዎቹ ከባድ ሚዛን ነው። ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ግን ተራ በተራ ሲያዩት ሌላ ነው።

መጋቢት 8 ቀን 1971 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆ ፍሬዘር አሊን በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር በግራ ሁክ፣ ክንድ ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ቡጢ፣ መሬት ላይ ጥሎታል። በጥር 1973 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ ጆርጅ ፎርማን ያንኑ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። በጥቅምት 1974 ደግሞ ኪንሻሳ ላይ አሊ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ፍሬዘር አሊን፣ ፎርማን ፍሬዘርን፣ አሊ ፎርማንን። እስቲ አሁን አሰልፏቸው።

«ፍሬዘር በ1973 ደክሞ ነበር» የሚል ሰው አለ። ኬን ኖርተንን ጨምሩበት። በመጋቢት 1973 ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1974፣ ፎርማን ኖርተንን ካራካስ ላይ በሁለት ዙር ጨረሰው። ከወራት በኋላ ያ ፎርማን አሊ ፊት ወደቀ። ክቡ ሁለት ጊዜ ዞሯል። ይሄ የዕድል ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

አዛውንቱ በጣታቸው ያሳዩንን ይዤ ግጥሚያዎቹን እንደገና አየኋቸው። ፍሬዘር 182 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መሃሉን መዝጋት አለበት። ጎንበስ ቀና እያለ፣ ከጃቡ ስር እየሾለከ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ያ ግራ እጁ ይመጣል። አሊ ደግሞ ከቡጢ የሚያመልጠው ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ በማዘንበል ነው፤ እጁ ዝቅ ብሎ፣ አገጩ ከፍ ብሎ። ለሌላ ሰው ይሄ ያመልጣል። እየገባ ለሚመታ ሁክ ግን አገጭን አዘጋጅቶ እንደ መስጠት ነው። ሄንሪ ኩፐር በ1963 ለንደን ላይ የጣለው በዚያው ግራ ሁክ ነበር።

ፎርማን ፊት ፍሬዘር ሲቆምስ? ፎርማን መሃሉን በጡንቻው ነው የሚጠብቀው። ሁለት እጁን ዘርግቶ የገባውን ሰው ትከሻ ይገፋል። ኪንግስተን ላይ ፍሬዘር ጎንበስ ብሎ ሲገባ እየገፋ፣ ቀና ሊል ሲል ከታች ወደ ላይ አፐርከት እየላከ ጨረሰው። ፍሬዘርን አሊ ላይ ያሻገረው ጎንበስ ማለት ፎርማን ፊት ማስገደያው ሆነ። ያው ሰው ነው፤ ያው ልማድ ነው።

ኪንሻሳ ላይ ደግሞ አሊ ሁሉም ሰው ያልጠበቀውን አደረገ። ይሸሻል ሲባል ገመዱ ላይ ተደገፈ። እንዲመታው ፈቀደለት፤ ክንዱን ሸፍኖ፣ ጭንቅላቱን ከገመዱ ውጭ አዘንብሎ። ፎርማን መግፋት ለምዷል፤ ገመድ ላይ ያለን ሰው ወዴት ይገፋዋል? ፎርማን መታ፣ መታ፣ ደከመ። ስምንተኛው ዙር ላይ አሊ ከገመዱ ወጣና አምስት ስድስት ቡጢ አከታትሎ ጣለው። መሃሉን ለሰውየው ሰጥቶ፣ ሲደክም መልሶ የወሰደው ይመስለኛል። ይሄን ግጥሚያ ስንቴም ባየው አልጠግበውም።

ማሽን የፈረደው

አንዳንድ ሰው ያልተገናኙ ቦክሰኞችን ማጋጠም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይላል። ባለቤቴም ትላለች። እኔ ግን ላሟ ውላለች ባይ ነኝ። አሊና ታይሰን አልተገናኙም፤ አሊ ግን ከፍሬዘርና ከኩፐር ጋር ተገናኝቷል። ታይሰንም ከረጃጅሞቹ ጋር ተገናኝቷል። ኩበቱ እዚያ ሜዳ ላይ አለ፤ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው የሚጠፋው።

ጎንበስ ሳይሉ ለመልቀም የሞከሩም ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሙሬይ ዎሮነር የሚባል አሜሪካዊ የሬዲዮ አዘጋጅ የድሮና የዘመኑን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች በኮምፒውተር አጋጠማቸው። የቦክስ ባለሙያዎች ስለ እያንዳንዱ ቦክሰኛ ፍጥነት፣ ስለ ቡጢው፣ ስለ ጽናቱ የሰጡት ነጥብ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ያኔ አሊ በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለና ተናዶ ፍርድ ቤት ሄደ። በኋላ ግን ተስማሙና በ1969 ማያሚ ውስጥ ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ካሜራ ፊት ቆመ። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ በ1956 የተሰናበተ ሰው ነው። 45 ዓመቱ ነበር፤ ለቀረጻው ብሎ ክብደት ቀነሰ። አሊ ደግሞ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ ከቦክስ የታገደበት ጊዜ ነው። ብዙ የአንድ አንድ ደቂቃ ዙሮች ተቀረጹ፤ የተለያዩ አጨራረሶችም ተቀረጹ። ማን እንደሚያሸንፍ ሁለቱም አያውቁም ነበር።

በጥር 1970 ሲታይ አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አሊ የሚያሸንፍበት ሌላ አጨራረስ ታየ። ማርሲያኖ ግን ውጤቱን አላየም፤ በነሐሴ 1969 መጨረሻ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል።

ይሄ ታሪክ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። ማሽኑ የተሰጠው የሁለት ተማሪ ካርድ ነው። ፍጥነት ይሄን ያህል፣ ጽናት ይሄን ያህል። ደምሮ አካፍሎ ሰልፍ ሠራ። በሁለቱ መሃል ስላለው ቦታ ማን ነጥብ ሰጠ? የማርሲያኖ የክንድ ርዝመት 173 ነው፤ ከአሊ በ25 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። በፊልሙ ላይ ከውጤቱ ይልቅ የማየው ይሄንን ነው። ያረጀው ማርሲያኖ ጎንበስ ብሎ ለመግባት ሲሞክር፣ አሊ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሄድ። ያቺ እርምጃ የእውነት ናት። ትወና ቢሆንም እግር ልማዱን አይረሳም።

ዘግይቶ የደረሰው

«ቢገናኙ» የተባሉት የእውነት የተገናኙበትም ጊዜ አለ። ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያኦ። በ2010 ይጋጠማሉ ተብሎ ድርድሩ በደም ምርመራ ጉዳይ ፈረሰ። ዓለም አምስት ዓመት ተከራከረ። እኛም ተከራከርን፤ ያኔ የምኖረው መሃል ከተማ ነበር፤ ካፌው ሁሉ የሁለቱ ነበር። ግንቦት 2 ቀን 2015 ላስ ቬጋስ ላይ ሲገናኙ ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያኦ 36 ዓመታቸው ነበር። ሜይዌዘር በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለ ብዙ ሰው። ፓኪያኦ ትከሻዬን ታምሜ ነበር አለ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። በማግስቱ ክርክሩ «በ2010 ቢሆንስ ኖሮ?» ሆኖ ቀጠለ።

ያ ግጥሚያ አሰልቺ ነበር የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሜይዌዘር በእግሩና በቀኝ እጁ መሃሉን ጠብቆ 12 ዙር ሙሉ አላስገባም። ግራኝ የሆነው ፓኪያኦ የሚወደው ገብቶ፣ አራት አምስት ቡጢ ጥሎ፣ በጎን መውጣት ነው። አንዱን ቡጢ ከመታ በኋላ ሜይዌዘር እዚያ የለም። ሁለተኛውን ማን ላይ ያሳርፈው?

ስለ ሁለቱ ሲነሳ ሁዋን ማኑዌል ማርኬዝን የሚረሱት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሜይዌዘር በ2009 ማርኬዝን ያለ ምንም ችግር አሸንፎታል። ያው ማርኬዝ ከፓኪያኦ ጋር አራት ጊዜ፣ 42 ዙር ተጋጥሟል። አንዴ አቻ ወጡ፣ ሁለቴ ፓኪያኦ በጠባብ ነጥብ አሸነፈ፣ በ2012 ደግሞ ማርኬዝ በስድስተኛው ዙር በአንድ ቀኝ ፊቱን መሬት አስደፍቶ ዘረረው። ማርኬዝ የፓኪያኦን አመጣጥ ያውቃል፤ ሲገባ ቀኙን መንገዱ ላይ ያስቀምጥለታል። ሜይዌዘር ግን ስለማይገባ መንገድ የለውም።

ስንት ዙር?

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አዛውንቱን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ውሃ መጥቶ ነበርና ጄሪካን ይዘው ነው የሚወጡት። ተቀበልኳቸው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«ጋሼ፣ የማን ሆነች ብለው ጠይቀው መልሱን እኮ አልነገሩንም» አልኳቸው።

«ስንት ዙር ነው የምታጋጥማቸው?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

ቆሙ። «አሊ የሠራው እኮ ለ15 ነው፣ ልጄ። ለ15 የሠራን ሰው በ12 ስታጋጥመው ከእጁ ላይ ሦስት ዙር ወሰድክበት። ለዚያኛው ደግሞ ሦስት ዙር ጨመርክለት።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ጄሪካኑን በር ላይ ተቀብለውኝ «ተባረክ» ብለው ገቡ።

ትክክል ናቸው። በኅዳር 1982 ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲጋጠም በ14ኛው ዙር ወደቀ፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው የሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር እየሆነ የመጣው። ታይሰን በኅዳር 1986 በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሲሆን ዘመኑ የ12 ዙር ሆኗል። አሠራሩም ለዚያ ነው፤ ደወል ሲደወል ጀምሮ መጨረስ። በ1988 ማይክል ስፒንክስን የጨረሰው በ91 ሰከንድ ነው። ስለዚህ «ማን ያሸንፍ ነበር?» ከማለት በፊት ስንት ዙር፣ የየትኛው ዓመት አሊ፣ የየትኛው ዓመት ታይሰን የሚለው መመለስ አለበት።

እንግዲህ የእኔን ልበል። የ1966ቱን አሊ እወስዳለሁ፤ እግሩ ገና ያልደከመውን፣ ከእገዳው በፊት የነበረውን። የ1988ቱን ታይሰን እወስዳለሁ። በ15 ዙር።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ያስፈሩኛል። የታይሰን እጆች ጉንጩ ላይ ናቸው፣ ጭንቅላቱ አይቆምም፣ የሚገባው ደግሞ ከፍሬዘር ይፈጥናል። የኩፐርና የፍሬዘር ግራ ሁክ ያገኘው አገጭ ለታይሰንም ያው አገጭ ነው። አሊ አንዴ ይወድቃል ብዬ አምናለሁ። ግን አሊ ይነሳል። ከኩፐር ቡጢ ተነስቶ በሚቀጥለው ዙር አሸንፏል። ከፍሬዘር ቡጢ ወዲያው ተነስቶ 15ኛውን ዙር ጨርሷል። ታይሰን ግን በሙያ ዘመኑ ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈው ግጥሚያ አንድም የለም።

ከአምስተኛው ዙር በኋላ አሊ የአንገት ሥራውን ይጀምራል። በጥር 1974 ፍሬዘርን ሁለተኛ ሲገጥመው እንዳደረገው፣ የገባውን ሰው ማጅራት በግራ እጁ ይዞ ወደ ታች ይጫናል፣ ዳኛው እስኪለያያቸው ያርፋል። ታይሰን መያዝ ይጠላል። በ1987 ጄምስ ስሚዝ እየያዘው 12 ዙር ሙሉ ቆሟል፤ ቢሸነፍም አልወደቀም። ከዚያ ደግሞ ጃቡ አለ። በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ባስተር ዳግላስ በ211 ሳንቲ ሜትር ክንዱ ያንን ጃብ እየላከ፣ ሲገባበት እየያዘ፣ በስምንተኛው ዙር ራሱ ወድቆ ተነስቶ፣ በአሥረኛው ታይሰንን ዘረረው። አሊ ከዳግላስ ክንዱ ያጥራል፤ እግሩ ግን ይበልጠዋል። በ13ኛው ዙር ዳኛው የሚያስቆመው ይመስለኛል። በ12 ዙር ቢሆን ወደ ነጥብ ይሄዳል፤ አሊን በሁለት ዙር ብልጫ አስቀምጣለሁ። ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል የሚል ሰው ቢኖር ማስረጃውን ያምጣ።

አስተካካያችን ይሄን ስነግረው አልተዋጠለትም። «እሺ፣ ፍሬዘርንስ?» አለኝ። «አሊን ያሸነፈው ፍሬዘር ከታይሰን ጋርስ?»

ይሄኛው አሁን የያዘኝ ነው። ሁለቱም መግባት ነው የሚፈልጉት፤ ርቀቱን የሚጠብቅ ሰው የለም። ማንም ማንንም ማሳደድ የለበትም፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ሪንጉ መሃል ላይ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። እዚያ ደግሞ ወሳኙ ቀድሞ የሚሞቀው ነው። ፍሬዘር ሲጀምር ቀርፋፋ ነው፤ የሚሞቀው ከአራተኛው ዙር በኋላ ነው። በ1966 ኦስካር ቦናቬና በሁለተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ጥሎታል፤ ፎርማን ያደረገውንም አይተናል። ታይሰን ደግሞ ሞቆ ነው የሚገባው፤ አጭር አፐርከቱም ጎንበስ ላለ ሰው የተሠራ ነው። ታይሰን ከሦስተኛው ዙር በፊት ይጨርሰዋል አልኩት። አስተካካዩ ደስ አለው። ሹፌሩ ግን ፍሬዘር ከቦናቬና ቡጢ ሁለቴም ተነስቶ ያን ግጥሚያ ማሸነፉን አስታወሰኝና፣ ክርክሩ እንደገና ተጀመረ።